ምሥራቅን የቸከለችው ሴት

ከሐይቁ በስተምሥራቅ ባለችው ቱላ ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው አሸዋና ድንጋይ ከማስጫኑ በፊት ታቢታን ይጠራ ነበር። ታቢታ ጎህ ሲቀድ ትመጣለች፤ ነጠላዋን ከወገቧ አጥብቃ፣ በአንድ እጇ ችካሎች፣ በሌላው ሲባጎ የተጠመጠመበት እንጨት ይዛ። ባዶው መሬት መሐል ቆማ፣ ሐይቁን ከጀርባዋ አድርጋ ትጠብቃለች። አትናገርም፤ ሰውም እንዲያናግራት አትፈልግም። ፀሐይ ከማዶ ከተራራው አናት ብቅ ስትል እግሯ ሥር አንድ ችካል ትመታለች። የችካሉን ጥላ ተከትላ ሃያ እርምጃ ትሄድና ሁለተኛውን ትመታለች። በሁለቱ መሐል ሲባጎውን ወጥራ አንዴ በጣቷ ታስጮኸዋለች።

«ይኸው ምሥራቃችሁ» ትላለች።

ከዚያ በኋላ በሩም፣ መስኮቱም፣ ጓዳውም ከዚያ ሲባጎ ይወለዳል።

ይህን ያስተማራት ተፈራ የሚባል ሽማግሌ ግንበኛ ነው። ታቢታ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ከተማ ውስጥ ባህል አዳራሽ አካባቢ በባሬላ ጠጠር ስትሸከም፣ ሌሎቹ ምሳ በልተው ሲጋደሙ እሷ የግድግዳ ቀጥታ የሚለካበት ቱንቢ እንዴት እንደሚንጠለጠል አጎንብሳ ታይ ነበር። ተፈራ አንድ ቀን «አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽ ከእጅሽ ይፈጥናል» አላትና ቱንቢውን አስያዛት። ሠላሳ ዓመት አለፈ። ተፈራም አረፈ፤ ሥራው ግን ከእሷ ጋር ቀረ። ባለቤቷ ሲሞት ልጇን ሄራንን ያሳደገችው በዚያው ቱንቢና ሲባጎ ነው። የሰፈሩ ሰው «ምሥራቅ ታቢታ» ይላታል። ስሙን ስትሰማ ታፍራለች፤ ቢቀርባት ግን ቅር ይላታል።

ለራሷ አቅጣጫ ግድ ኖሯት አያውቅም። እሁድ እሁድ የምትዘምርበት አዳራሽ በሩ ወደ ገበያው የዞረ ነው፤ ሰው ባለበት ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። ሌላው ሰው ግን ለምሥራቅ የሚሰጠው ክብር ይገርማት ነበር። አሸዋ የሚያመላልሰው ሰኢድ ቤቱን ሊሠራ ሲጠራት «ምሥራቁን ከያዝሽልኝ ሰሜኑን እኔ አገኘዋለሁ፤ መካ ከዚህ በሰሜን ናት» አላት። ወንዱ፣ ሴቱ፣ ክርስቲያኑ፣ እስላሙ፣ ሁሉም ሌላውን ነገር የሚያገኘው ከምሥራቅ ተነስቶ ነው። እሷም አንድ ችካል ስትመታ ሰው ዕድሜ ልኩን የሚኖርበትን ነገር እንደምትመታ ይሰማታል።

ከሁሉም ቤቶቿ የምትወደው ግን ትንሹን ነው። እሱም የእማማ እታፈራሁ ነው።

እማማ እታፈራሁ ከተማ ውስጥ መናኸሪያ አጠገብ አርባ ዓመት የኖሩ፣ ልብስ በመስፋት ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። የዓይን ግፊት ቀስ እያለ ብርሃናቸውን ወሰደው። ልጃቸው ሽመልስ ብቻቸውን አይኖሩም ብሎ ቱላ ወደሚገኘው ግቢው አመጣቸው፤ ግቢውን ከታቢታ ግቢ የሚለየው አንድ የቀርከሃ አጥር ነው። በጓሮው አንድ ክፍል ሊሠራላቸው ሲያስብ ታቢታን ጠራት። አሮጊቷ ወንበር አስወጥተው ባዶው መሬት ላይ ተቀመጡና እጇን ያዙ።

«ስሚኝ ልጄ፣ ምሥራቁን እንዳታሳስቺብኝ።»

«እማማ፣ እግዚአብሔር እኮ በሁሉም በኩል ነው» አለች ታቢታ ልትቀልድ።

«አንቺ ጴንጤ! እሱማ በሁሉም በኩል ነው። እኔ ነኝ በአንድ በኩል ያለሁት፤ ያለኝ ፊት አንድ ነው።»

ታቢታ ሳቀች። አሮጊቷ ግን እጇን አልለቀቁም።

«ጌታ የሚመጣው በምሥራቅ ነው። ስንጸልይ ወደዚያ የምንዞረው፣ ስንቀበርም እግራችንን ወደዚያ አድርገን የምንተኛው ለዚህ ነው፤ ሲጠራን ብድግ ብንል ፊት ለፊት እንድናየው። እኔ ዓይኔ ሄዷል። አሁን ብርሃንን የማውቀው በቆዳዬ ነው። ጠዋት ቆሜ ፊቴን ካሞቀኝ በትክክል መቆሜን አውቃለሁ። ካላሞቀኝ ግን ግድግዳ ይሁን ሰማይ ምን አውቃለሁ?»

 ሠላሳ ዓመት ሥራዋን እንዲህ አድርጎ የነገራት ሰው አልነበረም። «ፀሐይን ከአልጋዎ ሦስት እርምጃ ላይ አመጣልዎታለሁ» አለቻቸው።

ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ችካሉን መታች፣ ሲባጎውን ወጠረች፣ ግድግዳው ብሎኬት በብሎኬት ሲነሳ አንዲት ጠባብ መስኮት ፀሐይዋ በምትወጣበት ልክ አስቀመጠች። ክፍሉ ባለቀ ማግስት አሮጊቷን በእጃቸው ይዛ ከአልጋው ሦስት እርምጃ አስኬደቻቸው። መጀመሪያ ግንባራቸው ላይ፣ ከዚያ ጉንጫቸው ላይ፣ ከዚያ የተሸበሸበው አንገታቸው ላይ ብርሃኑ ወረደ። እማማ እታፈራሁ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው «መጣች» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ የጸሎታቸው ድምፅ በአጥሩ አልፎ ወደ ታቢታ ጓሮ ይመጣ ነበር። ታቢታም ያንን እየሰማች ፊቷን ትታጠባለች።

በመጀመሪያው ዓመት ከበልግ እስከ ክረምት ሙቀቱ ጠፋ። ደመና ነው ተባለ፤ ደመናም ነበር። ኅዳር ሲመጣ ተመለሰ። ማንም ምንም አልጠረጠረም።

በሁለተኛው ዓመት፣ ግንቦት መጀመሪያ ላይ፣ የጸሎቱ ድምፅ ቆመ።

አንድ ቀን ታቢታ አመማቸው ብላ አለፈችው። በሦስተኛው ቀን ፎጣዋን አንገቷ ላይ ጥላ በአጥሩ ቀዳዳ ገባች። አሮጊቷ ተኝተው ነበር፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው።

«እማማ፣ ምነው?»

«ምንም።»

«ምንም የሆነ ሰው እንዲህ አይተኛም። ይንገሩኝ።»

ከግድግዳው ሳይዞሩ ተናገሩ። «ከየካቲት ወዲህ ነው። ዶሮ ይጮሃል፤ እነሳለሁ። ቆርቆሮው መንጣጣት ይጀምራል፤ ፀሐይ ጣሪያዬ ላይ እንዳረፈች አውቃለሁ። ደመና ቢሆን ቆርቆሮ አይንጣጣም። ቦታዬ ላይ እቆማለሁ፤ ፊቴን አቀናለሁ፤ ምንም የለም፤ ብርድ ነው። ልጄ፣ ቆዳዬም ታወረ እንዴ? ወይስ እሱ ፊቱን አዞረብኝ?»

«ደመና ነው እማማ» አለች ታቢታ፤ ውሸት መሆኑን እያወቀች። ውጭ ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ጥርት ያለ ነበር።

በማግስቱ ሳይነጋ መጥታ ክፍሉ ውስጥ ቆመች። ቆርቆሮው ተንጣጣ። ፀሐይ በመስኮቱ ገባች፤ ግን አሮጊቷ ወደሚቆሙበት አልሄደችም። ሰያፍ ሆና በስተቀኝ ባለው ግድግዳ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ መዳፍ የምታህል ሆና ዐረፈች። እማማ እታፈራሁ ጥላው መሐል ፊታቸውን ቀና አድርገው ቆመው ነበር፤ ተጣርቶ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው።  መስኮቱን የሠራችው እሷ ናት። ችካሉን የመታችው እሷ ናት። ግድግዳው አልተንቀሳቀሰም፤ መቼም ፀሐይ አትሳሳትም። የቀረው ማን ነው?

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሄራን ደወለች። ሄራን ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች፤ አሥራ ስምንተኛ ፎቅ ላይ። ታቢታ የሆነውን ነገረቻት።

«ወይኔ እማማ እታፈራሁ!» አለች ሄራን። «እማዬ ግን እዚህም እንደዚያ ናት እኮ። ልብስ ከማሰጣበት በረንዳ ፊት ለፊት አንድ ረጅም ፎቅ አለ። በብርዱ ጊዜ ፀሐይ በፎቁ ቀኝ ነው የምትወጣው። አሁን በሙቀቱ በግራው ሆናለች። መጀመሪያ ፎቁን ያንቀሳቀሱት መስሎኝ ነበር።»

«በየዓመቱ?»

«በየዓመቱ። ልብሱ የሚደርቅበትን ቦታ እቀያይራለሁ።»

ታቢታ ስልኩን ዘግታ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች።  ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሠረት ያወጣችው በበጋ ነው። ዝናቡ አባርቶ ኅዳር ሲያልቅ፣ ታኅሣሥ ሲገባ ሰው ቤት ይጀምራል። በክረምት መሠረት የሚቆፍር የለም፤ ጉድጓዱ ውሃ ይይዛል። ስለዚህ ችካል ይዛ ከፀሐይ ጋር የተገናኘችው ሁልጊዜ በአንድ ወር ነው። አንድን ሰው ሁልጊዜ ገበያ ላይ ብቻ አይቶ ቤቱ እዚያ ነው እንደማለት። ተፈራም እንዲሁ ነበር፤ ከእሱ በፊት የነበረውም እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም።

የቱላን ቤቶች ባሰበቻቸው ጊዜ ሁሉም በሐሳቧ ፊታቸውን ወደ ታኅሣሥ አዙረው ታዩዋት።

ታቢታ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየ ሙሉዓለም የሚባል ወጣት አለ፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ጂኦግራፊ ያስተምራል። ማታ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ያዘችው።

«ሙሌ፣ ምሥራቅ የት ነው?»

ሙሉዓለም ሳቀ። «እትዬ ታቢታ፣ እርስዎ እኔን? ውሃ ዋናተኛን ሲጠይቅ አየሁ።»

«ቀልድህን ተወውና አሳየኝ።»

ስልኩን አወጣ። ወደ እማማ እታፈራሁ ክፍል ሄደው መስኮቱ ፊት ቆሙ። በስልኩ ላይ ምሥራቅን የሚያሳየው ቀስት ከመስኮቱ በስተግራ፣ ብሎኬቱን፣ ጠቆመ።

«ስልክህ ፀሐይን አይቶ ያውቃል?» አለች ታቢታ፤ ድምፅዋ ግን እንደወትሮው አልደነደነም።

ሙሉዓለም አስረዳት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ቀን ብቻ በትክክለኛው ምሥራቅ ትወጣለች፤ በመስከረምና በመጋቢት። በታኅሣሥ ወደ ቀኝ፣ በሰኔ ወደ ግራ ትሄዳለች። ታቢታ እያዳመጠች ተራራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። አንድ ነጥብ ነው ስትለው የኖረችው ነገር መንገድ ሆነባት።

«ቆይ፣ ሄራን ያለችበት አገር ምሥራቅ አይደል የሚባለው?»

«መካከለኛው ምሥራቅ ይባላል።»

«ስልክህ ላይ ወዴት ነው?»

ዞር አለና በእጁ አሳያት። «በሰሜንና በምሥራቅ መሐል። ቤይሩት ብትሆን ኖሮማ ቀጥ ብላ ሰሜን ነበረች።»

«ሰሜን ያለውን አገር ምሥራቅ ብሎ የሰየመው ማነው?»

«ከምዕራብ ቆሞ ያየ ሰው ነዋ። አውሮፓ ላይ ሆነው ሲያዩ መሐል ያለው መካከለኛ ምሥራቅ ሆነ፤ ቻይናና ጃፓን ሩቅ ምሥራቅ ሆኑ።»

«ጃፓኖቹስ ራሳቸውን ሩቅ ነን ይላሉ?»

«ኧረ! እነሱ አገራቸውን የፀሐይ መውጫ ነው የሚሏት። እኛም እኮ ምሥራቅ ነን እትዬ፤ ምሥራቅ አፍሪካ።»

«እኛ? ማን እያየን?»

«ሌጎስ ያለ ሰው ጠዋት ተነስቶ ፊቱን ወደ ፀሐይ ሲያዞር እኛ በዚያ በኩል ነን።»

ታቢታ አፏን በእጇ ያዘች። ቱላ፣ ይሄ ጭቃው፣ ቀርከሃ አጥሩ፣ የሰኢድ አሸዋ የተከመረበት መንገድ፣ ለአንድ የማታውቀው ሰው ጎህ የሚቀድበት ቦታ ነው። «ሩቅ ምን አስኬደኝ» አለች ቀስ ብላ። «ከሐይቁ ማዶ ያሉት ዘመዶቼ ጠዋት ጠዋት የሚያዩት ወደ እኛ ነው። ፀሐይ ከውሃው ነው የምትወጣው ይላሉ። ልጅ ሆኜ እንግድነት ስሄድ ዋሾዎች እላቸው ነበር።»

በማግስቱ ያላትን ሁሉ ችካል ጫፍ ጫፉን ኖራ ቀባች። ምክንያቱም አንድ ነገር አስፈርቷት ነበር። ፀሐይ ወደ ግራ እየሄደች ነው፤ ግን እስከ የት? ግድግዳውን አፍርሳ መስኮቱን ብታሰፋው፣ ፀሐይም ደግሞ አልፋ ብትሄድስ? በእማማ ቤት ላይ ሁለት ጊዜ መሳሳት አትችልም።

ስለዚህ ደመና በሌለበት ጠዋት ሁሉ አሮጊቷ የሚቆሙበት ቦታ ላይ እየቆመች ወደ ውጭ አነጣጠረች፤ ሙሉዓለም ከግድግዳው ውጭ እየዞረ «ግራ፣ ትንሽ ግራ፣ እዚያ!» ስትለው ችካል ይመታ ነበር። ፒጃማ ለብሶ ችካል የሚመታ የዩኒቨርሲቲ መምህር ለመንገደኛው ትዕይንት ሆነ። ችካሎቹ ከሳምንት ሳምንት ወደ ግራ ሄዱ። መጀመሪያ በመሐላቸው አንድ ስንዝር ነበር፤ ከዚያ አራት ጣት፤ ከዚያ ሁለት። ሰኔ ሲገባ ችካሎቹ ተጠጋጉ። በሰኔ አጋማሽ አንድ ጠዋት ታቢታ ችካሉን ያስመታችው ያለፈው ችካል ላይ ሆነ። ከሦስት ቀን በኋላም እዚያው። ከአምስት ቀን በኋላም እዚያው።

«ቆመች» አለች ታቢታ።

መሬት ላይ ተቀመጠች። ያ ሁሉ እሳት፣ ያ ሁሉ ግዝፈት፣ የሰው ደጃፍ ላይ እንደደረሰ እንግዳ ቆሟል። ከዚህ ወዲያ አይሄድም። ማንም ችካል ሳይመታለት ድንበሩን ያውቃል። ታቢታ በአዳራሹ ብዙ ጊዜ እጇን ዘርግታ ዘምራለች፤ እንደዚያ ጠዋት ግን ቃል ያጣችበት ጊዜ አልነበረም።

ከዚያ ተነስታ አቧራዋን አራገፈችና ወደ እማማ እታፈራሁ ገባች። ይሄኛው ከሁሉም የከበደ ነበር።

«እማማ፣ ደመና አልነበረም። ዋሽቼዎታለሁ። ቆዳዎ አልታወረም። ማንም ፊቱን አላዞረብዎትም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። የታኅሣሡን ችካል፣ የሄራንን ፎቅ፣ የቆመችውን ፀሐይ። አሮጊቷ በክርናቸው ተደግፈው ሰሟት። ስትጨርስ ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች።

«ትሄዳለች በይኛ» አሉ እማማ እታፈራሁ።

«ትሄዳለች።»

«ሰባ ስምንት ዓመቴ። ዓይን ነበረኝ፤ አላየሁትም።» እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እና እሷ እዚያ ማዶ እየሄደች እኔ እዚህ ተኝቼ ጠላኝ እላለሁ! ተነሺ፣ ምን ትቀመጫለሽ? አፍርሺዋ!»

«ቤቱን?»

«ግድግዳውን እንጂ። አንቺ ጴንጤ ደግሞ አፍርሺ ቢሉሽ አዳራሽሽንም ታፈርሺው ይሆናል።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ታቢታ እንባዋን በፎጣዋ እየጠረገች። ሽመልስ በመዶሻና መሮ ድምፅ ግራ ተጋብቶ ከዋናው ቤት መጣ፤ «እናትህ ናቸው ያዘዙኝ» የሚል መልስ ከታቢታ አገኘ፤ ጃኬቱን አውልቆ ፍርስራሽ ማውጣት ጀመረ። ታቢታ ማዕዘኑን ሳትነካ ከአሮጌው መስኮት ተነስታ እስከ ግራው ጥግ ግድግዳውን ከፈተች። አናቱን የሚሸከም አርማታ ሞላች። ጠባቡ መስኮት ረጅም ሆነ፤ እንደተዘረጋ ክንድ።

ሐምሌ ገባ። ዝናብ ሆነ። አርማታው ደረቀ፤ መስታወቱ ተገጠመ፤ ፀሐይ ግን የለችም። ስምንት ቀን ሙሉ እማማ እታፈራሁ ዶሮ ሲጮህ ተነስተው ቦታቸው ላይ ቆሙ፤ ታቢታም በየቀኑ አጠገባቸው ቆመች። ቆርቆሮው ላይ የሚሰማው ጠብታ ብቻ ነበር። «አይዞሽ» ይሏታል አሮጊቷ፤ ማን ማንን እንደሚያጽናና እስኪጠፋ ድረስ።

በዘጠነኛው ጠዋት ጠብታው ቆመ። ረጅም ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ቆርቆሮው አንዴ ተንጣጣ። ደግሞ ተንጣጣ። በመስኮቱ ግራ ጫፍ፣ ብሎኬት በነበረበት ቦታ፣ ብርሃን ገባና ወለሉን አልፎ፣ ነጠላቸውን ይዞ ወጥቶ፣ ፊታቸው ላይ ዐረፈ። እማማ እታፈራሁ ፊታቸውን ጥቂት ወደ ግራ አዞሩ፤ ለሰላምታ እንደሚዞር ሰው። ድምፃቸው የተሰማው ቆይቶ ነው፤ የጸሎታቸው መጀመሪያ። ታቢታ አልወጣችም። እሷም ዓይኗን ጨፍና ሙቀቱን ጠበቀች፤ መጥቶም አገኛት።

ያን ቀን መሮዋን ይዛ በመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ፀሐይዋ በገባችበት ልክ፣ አንዲት ጭረት ቆረጠች። በቀጣዮቹ ወራት እየመጣች ሌሎች ቆረጠች። ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት የምትቆርጥ መስሏት ነበር፤ ግን ፀሐይ በሄደችበት እንደምትመለስ ስላወቀች ሁለት ሁለቱን ወር አንድ ጭረት አጋራች። ሐምሌ ከግንቦት ጋር፣ ነሐሴ ከሚያዝያ ጋር፣ መስከረም ከመጋቢት፣ ጥቅምት ከየካቲት፣ ኅዳር ከጥር። ሰኔና ታኅሣሥ ብቻ በየጫፋቸው ብቻቸውን ቀሩ፤ የሰኔዋን ፀሐይ በቆመችበት ችካል ልክ ጨመረቻት። የመጨረሻዋን በታኅሣሥ ጠዋት ስትቆርጥ ሰባት ሆኑ።

እማማ እታፈራሁ ጣታቸውን ከግራው ጫፍ አንስተው ቀስ እያሉ፣ ጭረት በጭረት፣ እስከ ቀኙ ጫፍ ወሰዱት። ከዚያ እንደገና ወደ ግራ።

«ይሄን ሁሉ ምሥራቅ ነው የምንለው?»

«ይሄን ሁሉ።»

«ታዲያ ጌታ ሲመጣ በየትኛው ጭረት ነው?»

«እሱን እንኳ አልቸክልም እማማ» አለች ታቢታ። «አሁንስ ፈራሁ።»

አሮጊቷ ሳቁ። ጣታቸው የታኅሣሥ ጭረት ላይ ዐረፈ። ከበላያቸው ቆርቆሮው መንጣጣት ጀመረ።

«በቃ ዝም በይ» አሉ ፊታቸውን ወደ ቀኝ እያዞሩ። «መጣች።»